ግልባጩ ለማን ነው?

(ቱሉ ዲምቱ አካባቢ በሚገኝ አንድ አዳራሽ ካደረግሁት ንግግር ተስተካክሎ የተጻፈ። ስለ አሜሪካ ሳወራ የምጠቅሳቸው ዓመታት እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

እንደምን ዋላችሁ። ከመሀል ከተማ ሁለት ታክሲ ይዛችሁ የመጣችሁም፣ ከጎን ካሉት ብሎኮች በነጠላ ጫማ ወረድ ያላችሁም፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ሲኖትራክ ሲያልፍ ድምፄ ከተዋጠ እጃችሁን አውጡ፣ እደግመዋለሁ።

አዘጋጆቹ ስለ ውስጥ ኦዲት አውራልን ነው ያሉኝ። እንጀራዬ እሱ ስለሆነ። ግን ስለ ቋሚ ንብረት ምዝገባና ስለ ተሰብሳቢ ሒሳብ ባወራ ግማሻችሁ ትተኛላችሁ። ስለዚህ ኦዲት ከሁሉም በላይ የሚከብድበትን ቤት መረጥኩ፦ የስለላ መሥሪያ ቤት። እዚያም ውስጥ ስውር ኦፕሬሽን የሚሠራውን ክፍል።

ርዕሱ ሲነገር አንዳንዶቻችሁ ወደ በሩ ዞር ስትሉ አይቻለሁ። አይፈረድባችሁም። እኛ አገር «ደህንነት» ሲባል ድምፅ ዝቅ ይላል። አጠገብህ የተቀመጠው ጆሮ ጠቢ ይሁን አይሁን አታውቅም እየተባልን ነው ያደግነው። አይዟችሁ፣ ዛሬ የማወራው አደባባይ ስለወጡ ወረቀቶች ነው። አብዛኞቹ የአሜሪካው ሲአይኤ ናቸው። ከሌሎቹ ይሻላል ወይም ይከፋል ብዬ አልመረጥኩትም። የእሱ ወረቀት ስለወጣ ብቻ ነው። የብዙዎቹ እንደተቆለፈ ነው።

ስለላ ሁለት መልክ አለው። አንደኛው ማወቅ ነው። ማዳመጥ፣ መከታተል፣ ሰነድ ማግኘት። ሁለተኛው ማድረግ ነው። መንግሥት መገልበጥ፣ አማፂ ማስታጠቅ፣ ሰው ማፈን። ስውር ኦፕሬሽን የሚባለው ይሄ ሁለተኛው ነው። ድርጊቱ ራሱ ሁልጊዜ አይደበቅም። ቦምብ ሲፈነዳ ሁሉም ይሰማል። የሚደበቀው ያዘዘው ሰው ነው። ለኦዲተር ከዚህ የባሰ መርዶ የለም። እኛ አንድ ቢሮ ስንገባ መጀመሪያ የምንለው «ማን ፈረመ?» ነው። እዚያ ቤት ሥራው ከመጀመሪያው የሚታቀደው ፊርማ እንዳይገኝ ተደርጎ ነው።

ብዙ ሰው እንዲህ ያለ ቤት ውስጥ መርማሪ የለም፣ ቢኖርም አፉን የዘጋ ነው ብሎ ያስባል። እኔም ወረቀቶቹን ማንበብ ስጀምር የጠበቅኩት እሱን ነበር። ያገኘሁት ሌላ ሆነ። መርማሪ ነበረ። ብዙ ጊዜም እውነቱ ላይ ደርሷል፣ ያውም በጊዜው። ነገሩ የሚበላሸው ሪፖርቱ ተጽፎ ካለቀ በኋላ ነው።

ከ1953 ልጀምር። ፍራንክ ኦልሰን የሚባል የጦር ሠራዊት ሳይንቲስት ነበር፣ በባዮሎጂ መሣሪያ ምርምር ላይ የሚሠራ። ኖቬምበር ላይ ሜሪላንድ ውስጥ ሐይቅ ዳር ስብሰባ ተደረገ። የሲአይኤ ሰዎች ሳይነግሩት መጠጡ ውስጥ ኤልኤስዲ የሚባል አእምሮ የሚያዛባ ዕፅ ጨመሩበት። ሰውየው ከዚያ በኋላ እንደ ድሮው አልሆነም። በዘጠነኛው ቀን ኒውዮርክ ውስጥ ከሆቴል መስኮት ወድቆ ሞተ።

የመሥሪያ ቤቱ ዋና ኢንስፔክተር፣ ማለትም የውስጥ መርማሪዎቹ አለቃ፣ ላይማን ከርክፓትሪክ ጉዳዩን አየው። ከዚያ ዋና ዳይሬክተሩ አለን ደለስ ለሚመለከታቸው ሠራተኞች የወቀሳ ደብዳቤ ጻፉ። እዚህ ጋ ልብ በሉልኝ። ደብዳቤዎቹ በእጅ ሄዱ። ሰዎቹ አንብበው እንዲመልሱ ተደረገ። ይሄ ቅጣት አይደለም፣ በግል ማኅደራችሁም አይያያዝም ተባሉ።

መዝገብ ቤት ያልገባ ደብዳቤ። ቁጥር የሌለው፣ ከማኅደር ያልተያያዘ፣ ግልባጭ የሌለው። እኛ ቢሮ ይሄ ደብዳቤ አይባልም፤ ሐሜት ነው። የኦልሰን ቤተሰብ ስለ ኤልኤስዲው የሰማው በ1975 ነው። ከ22 ዓመት በኋላ ማለት ነው።

መንግሥት ቤት የሠራ ሰው የግልባጭን ነገር ያውቀዋል። ከደብዳቤው ግርጌ «ግልባጭ» ይላል፣ ከሥሩ ለእገሌ፣ ለእገሌ መምሪያ እየተባለ ይወርዳል። ነቄ ሠራተኛ ደብዳቤ ሲደርሰው ፍሬ ነገሩን ከማንበቡ በፊት ዓይኑን ወደ ግርጌ ይወረውራል። ነገሩ ምን ያህል እንደከረረ እዚያ ነው የሚታወቀው። ግልባጭ ከሌለው እፎይ ይላል። ለአለቃው አለቃ ከሄደ ሻይም አያሰኘው። እኔም የሲአይኤን ሪፖርቶች ያነበብኩት በዚሁ ልማድ ነው። ምን ይላል ከሚለው እኩል፣ ለማን ሄደ?

በ1961 ሲአይኤ ያሠለጠናቸው ወደ 1,400 የሚጠጉ የኩባ ስደተኞች ፊደል ካስትሮን ሊጥሉ ቤይ ኦፍ ፒግስ የሚባል የኩባ ባሕር ዳርቻ ላይ አረፉ። በሦስት ቀን ውስጥ አለቀላቸው። ያው ከርክፓትሪክ ምርመራ አደረገ። የጻፈው ሪፖርት ምሕረት የለውም። ዕቅዱ ውሃ አይቋጥርም፣ አለቆቹ ራሳቸውን አታለዋል፣ ኦፕሬሽኑ ውስጥ ስፓኒሽ የሚችል ሰው እንኳ እንደልብ አልነበረም ይላል። የቤቱ ሰዎች ተንጨረጨሩ። ረዥም የመልስ ጽሑፍ አዘጋጁበት። ሪፖርቱም ካዝና ገባ። ሕዝብ ያየው በ1998 ነው። ያኔ የካስትሮ ጢም ሸብቷል።

በ1963 ሌላ ምርመራ ተደረገ፣ ኤምኬአልትራ በሚባለው ፕሮግራም ላይ። የሰውን አእምሮ በመድኃኒትና በሌላም መንገድ መቆጣጠር ይቻል እንደሆነ የሚፈትሽ ፕሮግራም ነው። ዋና ኢንስፔክተሩ ምንም በማያውቁ ሰዎች ላይ ሙከራ እየተደረገ እንደሆነ ደርሶበት ጻፈ። ሪፖርቱ ሙከራውን ለማስቆም ረድቷል፣ ይሄንን መካድ አይገባም። ግን ከቤቱ አልወጣም። በ1973 ደግሞ ዋና ዳይሬክተሩ ሪቻርድ ሄልምስ ስልጣን ሊለቁ ሲሉ የፕሮግራሙ ፋይሎች እንዲጠፉ አዘዙ። ጠፉም።

ከዚህ በኋላ ያለው ለእኔ ቢጤ ሰው ሠርግና ምላሽ ነው። በ1977 አንድ ሠራተኛ መዝገብ ቤት ሲፈትሽ ሰባት ሳጥን ወረቀት አገኘ። ለምን ተረፈ መሰላችሁ? የሒሳብ ሰነድ ስለሆነ! ፋይሉን ያጠፉት ሰዎች የፈለጉት የፕሮግራሙን ክፍል ነው። ክፍያው፣ ደረሰኙ፣ የወጪ ማጽደቂያው ግን በበጀትና ፋይናንስ በኩል ተቀምጦ ነበር። ማንም አላሰበውም። የአሜሪካ ሴኔት በዚያው ዓመት ኦገስት ላይ ዋና ዳይሬክተሩን ጠርቶ የጠየቀው በእነዚህ ወረቀቶች መነሻነት ነው። ዩኒቨርሲቲዎች፣ ሆስፒታሎች፣ እስር ቤቶች ሳይቀሩ ገንዘቡ የደረሰበት ሁሉ መውጣት ጀመረ። ሒሳብ ሠራተኞች አትናቁ።

የ1967ቱን ባጭሩ። ካስትሮን ለመግደል ስለተሸረቡት ሴራዎች የውስጥ ሪፖርት ተጻፈ። እዚያ ውስጥ አንድ ነገር አለ። ፕሬዚዳንት ኬኔዲ ዳላስ ላይ በተገደሉበት ዕለት፣ ኖቬምበር 22 ቀን 1963፣ ፓሪስ ውስጥ አንድ የሲአይኤ ሰው ለአንድ ኩባዊ መርዝ መውጊያ የተገጠመለት እስክሪብቶ እየሰጠ ነበር። ይሄን ፊልም ሠሪ ቢያመጣው «አበዛኸው» ይባላል። ጸሐፊዎቹ ሪፖርቱን ጨርሰው ለዋና ዳይሬክተሩ ሰጡ። ማስታወሻቸውና ረቂቁ እንዲወድም ተደረገ። አንድ ቅጂ ቀረ፣ እሱም እዚያው ቤት ተቆልፎበት።

እንግዲህ አያችሁት። ኦልሰን፣ ኩባ፣ ኤምኬአልትራ፣ ካስትሮ። አራቱም ጋ የውስጥ ሰው አውቋል፣ ጽፏል። አራቱም ጋ ወረቀቱ ያለቀው ሊጠየቅ ከሚገባው ቤት መሳቢያ ውስጥ ነው።

ነገሩ የተገለበጠው በ1974 መጨረሻ ነው። ጋዜጣ ላይ ወጣ። ሲአይኤ በገዛ ዜጎቹ ላይ ይሰልል ነበር ተባለ። በ1975 ሴናተር ፍራንክ ቸርች የሚመሩት ኮሚቴ ገባበት። ከዚያ ትንሽ ቀደም ብሎ ደግሞ ኮንግረስ፣ የእነሱ ፓርላማ፣ አንድ ሕግ አውጥቶ ነበር። በዚህ ሕግ መሠረት ሲአይኤ ስውር ኦፕሬሽን የሚሠራው ፕሬዚዳንቱ ራሳቸው ለአገር ደህንነት አስፈላጊ ነው ብለው ሲወስኑ ነው፤ ለኮንግረስ ኮሚቴዎችም ይነገራል። ከዚያ በፊት የነበረው ልማድ «አለቃ እንዳይነካካ ሳይነገረው ይሠራ» ነበር። አሁን አለቃ ሊነካካ ግድ ሆነ።

ፊርማ ግን መቼ ነው የሚፈረመው? በ1985 የሮናልድ ሬገን መንግሥት በስውር ለኢራን ሚሳይል ላከ። ኖቬምበር ላይ አንዱ ጭነት በሲአይኤ አውሮፕላን ሄደ። ሕጉ የሚጠይቀው የፕሬዚዳንቱ ውሳኔ ግን አልነበረም። የሲአይኤ ምክትል ዳይሬክተር ጆን ማክማሆን ሲሰሙ ተቆጡ፣ ወረቀት ይምጣ አሉ። የሕግ ክፍሉ አዘጋጀ። ሬገን ዲሴምበር ላይ ፈረሙ፣ ቀድሞ የተሠራውንም ያጸድቃል ተብሎ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይሄኔ ነው። በዓመቱ ነገሩ ሲፈነዳ የጸጥታ አማካሪው ጆን ፖይንዴክስተር ያንን የተፈረመ ወረቀት ቀዶ ጣለው። ፕሬዚዳንቱን ያሳፍራል ብዬ ነው ብሎ ኋላ ላይ ራሱ መስክሯል።

ስለዚህ በ1991 ሕጉ ጠበቀ። ውሳኔው በጽሑፍ ይሁን። ሥራው ከመጀመሩ በፊት ይሁን። አስቸኳይ ከሆነና ጊዜ ከሌለ በ48 ሰዓት ውስጥ ይጻፍ። ያለቀን ሥራ ወደ ኋላ ሄዶ ማጽደቅ ክልክል ነው። እያንዳንዷ ሐረግ የተጻፈችው አንድ ሰው አንድ ጊዜ ያደረገውን ለመከልከል ነው።

ከኢራኑ ጣጣ የተወለደ ሌላ ነገር አለ። እስከዚያ ድረስ የሲአይኤን ዋና ኢንስፔክተር የሚሾመው ዋና ዳይሬክተሩ ነበር። እዚህ የቤት ኅብረት ሥራ ማኅበር አባል የሆናችሁ ብዙ ናችሁ። የቁጥጥር ኮሚቴን ማነው የሚመርጠው? ጠቅላላ ጉባኤው ነው። ሊቀመንበሩ «ቁጥጥሩን እኔው ልምረጥላችሁ» ቢል አዳራሹን በጫጫታ ትሞሉት ነበር። ሲአይኤ አርባ ዓመት ያህል የኖረው ሊቀመንበሩ እየመረጠለት ነው።

በ1989 የወጣው ሕግ ይሄን ቀየረው። ዋና ኢንስፔክተሩን ፕሬዚዳንቱ ይሾማል፣ ሴኔት ያጸድቃል። ማንሳት የሚችለው ፕሬዚዳንቱ ብቻ ነው፣ ምክንያቱንም ለኮንግረስ ማስረዳት አለበት። በየስድስት ወሩ ሪፖርት አለ። አሁን ደግሞ እኔ በጣም የምወዳት አንቀጽ መጣች። ዳይሬክተሩ ለአገር ደህንነት ሲባል አንድን ምርመራ ማስቆም ይችላል። ይችላል! ምስጢር የሚባል ነገር በእርግጥም አለ፣ ሰው ሊሞትበት ይችላል። ግን ካስቆመ በሰባት ቀን ውስጥ ለኮንግረሱ የመረጃ ኮሚቴዎች ለምን እንዳስቆመ በጽሑፍ ማሳወቅ አለበት። አለቃው ስልጣኑ አልተወሰደበትም። ግልባጭ ነው የተጨመረበት።

ይሄ ሁሉ ሠራ ወይ? ግማሽ በግማሽ።

ከመስከረም አንዱ የኒውዮርክ ጥቃት በኋላ ሲአይኤ በውጭ አገር ስውር ማሰሪያ ቤቶች ከፈተ። በ2003 መጀመሪያ ዋና ኢንስፔክተሩ ጆን ሄልገርሰን ጋ ወሬ ደረሰ። ከማን? ከቤቱ ሰዎች። የኦፕሬሽን ክፍሉ ኃላፊ ራሱ አንድ እስረኛ ፊት ሽጉጥና የኤሌክትሪክ ድሪል ተይዞ ማስፈራራት ተፈጽሟል የሚል ክስ እንደደረሰው አስታወቀ። ሌሎች ሠራተኞችም እየሆነ ያለው ነገር ሰብአዊ መብት ይነካል ብለው ሰጉ። አንዱማ አንድ ቀን በዓለም ፍርድ ቤት የሚፈለጉ ሰዎች ዝርዝር ላይ እንገኛለን ብሎ መፍራቱ ሪፖርቱ ላይ ተጽፏል።

ሄልገርሰን ሰዎቹን ልኮ እስረኞቹ ሲመረመሩ የተቀረጸውን ቪዲዮ እንዲያዩ አደረገ። 92 ካሴት ነው። ቁጭ ብለው አዩት። አቡ ዙበይዳ በሚባል አንድ እስረኛ ላይ ብቻ ፊትን በጨርቅ ሸፍኖ ውሃ ማፍሰሱ 83 ጊዜ ተፈጽሟል። ከዚያ የእኛን ሙያ ሥራ ሠሩ። ካሴቱን ከየዕለቱ የመዝገብ ማስታወሻ ጋር አመሳከሩት። 11 ካሴት ባዶ ሆኖ ተገኘ። 21 ሰዓት የሚሆን ጊዜ ደግሞ ቪዲዮው ላይ የለም፣ ሁለት የውሃ ምርመራ የተደረገበት ጊዜ ነው። በ2005 የኦፕሬሽን ኃላፊው ሆሴ ሮድሪጌዝ ካሴቶቹ እንዲፈጩ አዘዘ። ተፈጩ። ቁጥሮቹ ግን ሪፖርቱ ላይ ነበሩ፣ ሪፖርቱ ደግሞ በ2004 ተጠናቆ ኮንግረስ ደርሷል። በ2009 ሕዝብም ብዙ ቦታው በጥቁር ቀለም ተሰርዞ አየው።

ሌላው ግማሽ ያማል። ጉል ራህማን የሚባል አፍጋናዊ ነበር። ኖቬምበር 2002 ካቡል አጠገብ ያለ የሲአይኤ ማሰሪያ ቤት ውስጥ ሞቶ ተገኘ። ከወገቡ በታች ራቁቱን ነበር። ባዶ ሲሚንቶ ላይ በሰንሰለት ታስሮ አድሮ። የገደለው ብርድ ነው። አራት ወር ባልሞላ ጊዜ ውስጥ የቦታው ኃላፊ «ዘወትር በላቀ ሥራው» ተብሎ የ2,500 ዶላር ሽልማት እንዲሰጠው ሐሳብ ቀረበለት። ኋላ ላይ የተቋቋመ የተጠያቂነት ቦርድ አሥር ቀን ያለ ደሞዝ ይታገድ አለ። ከላይ ያለ ባለሥልጣን እሱንም ሰረዘው። ምርመራው ተደርጓል፣ ሪፖርቱ ተጽፏል፣ ግልባጩም ሄዷል። የሞተው ሰው ዋጋ አሥር ቀን እንኳ አልሞላም። ይሄን ወደ ሌላ ነገር ላሳምረው አልፈልግም። በ2007 ደግሞ የጊዜው ዳይሬክተር ዋና ኢንስፔክተሩ ራሱ ይመርመር ብሎ ሰው አሰማራበት። ኦዲተር ያለበት ቤት ሁሉ ይሄን ጨዋታ ያውቀዋል።

ጥያቄ ስንጀምር ከፊት የተቀመጡ አንድ ጋሼ ተነሱ። «ልጄ፣ ይሄ ሁሉ የአሜሪካ ነው። የእኛስ?»

የእኛ ነገር ታሪክ አለው አልኳቸው። ጃንሆይ በብዙ ጆሮ ይሰሙ ነበር። አንዱ ወሬ አቅራቢ ሌላውን ይጠብቃል፣ ሁሉም ለየብቻው ለንጉሡ ያወራል። ቁጥጥር ይመስላል። በእኛ አቆጣጠር በታኅሣሥ 1953 ግልበጣ ሲሞከር ግን የጸጥታው ሹም ኮሎኔል ወርቅነህ ገበየሁ ከጠንሳሾቹ አንዱ ሆነው ተገኙ። ሰላይን በሰላይ መጠበቅ እዚህ ድረስ ነው።

አሁን ወረቀት አለን። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ ይሁን ይላል። አንቀጽ 55 ንዑስ አንቀጽ 7 ደግሞ መከላከያ፣ ደህንነትና ፖሊስ ሰብአዊ መብት ከጣሱ ምክር ቤቱ እንዲያጣራና እርምጃ እንዲወስድ ስልጣን ይሰጠዋል። የብሔራዊ መረጃና ደህንነት አገልግሎት በአዋጅ 804/2005 እንደገና ተቋቁሟል፣ ተጠሪነቱም ለጠቅላይ ሚኒስትሩ ነው። ኅዳር 2011 ላይ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ አዲስ አበባ ውስጥ ስውር ማሰሪያ ቤቶች ነበሩ ብሎ ለጋዜጠኞች ሲናገር ሁላችንም በቴሌቪዥን አይተናል። ሰው ስለ ግፉ ሲያወራ የእኔ ጭንቅላት ሌላ ቦታ ነበር። ቤት ካለ ኪራይ ወይም ጥገና አለ። ጥበቃ አለ፣ ደሞዝ አለ፣ ነዳጅ አለ። በየትኛው የሒሳብ መደብ ነው የተከፈለው? ማን ነው ያጸደቀው?

ከኋላ አንዲት ልጅ ሳቀች። «እሺ፣ እርስዎ የምክር ቤት አባል ቢሆኑ ምን ይጠይቁ ነበር?»

ስለ ኦፕሬሽን አልጠይቅም። ስም አልጠይቅም። ባለፈው ዓመት የውስጥ ኢንስፔክሽኑ ስንት ሪፖርት ጻፈ? በስንቱ ላይ እርምጃ ተወሰደ? ስንት ምርመራ በአለቃ ትእዛዝ ቆመ? ሦስቱም ቁጥር ናቸው፣ በቁጥር የሚጋለጥ ሰላይ የለም። መልሱ ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ ከሆነ ግን አራተኛ ጥያቄ አለኝ፦ ኢንስፔክሽኑ ደሞዝ የሚበላው ምን እየሠራ ነው?